ሁለት ኒውሮኖች «አብረው ተኮሱ» ከማለታችሁ በፊት፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ጥያቄው ሁሌ በአንድ መልክ ነው የሚመጣልኝ። «የሁለት ኒውሮኖችን ስፓይክ ደራርቤ ሳየው ብዙው ይገጥማል። ሲንክሮኒ አገኘሁ ማለት ነው?» (ኒውሮን የነርቭ ሴል ነው፤ ስፓይክ የሚያወጣው አጭር የኤሌክትሪክ ምት፤ ሲንክሮኒ ደግሞ በአንድ ቅጽበት አብሮ መተኮስ።) አንዳንዴ ሥዕልም አብሮ ይላካል፤ መሃሉ ላይ ጉብ ያለ ክሮስ-ኮሬሎግራም፣ ማለትም የሁለቱ ስፓይኮች በምን ያህል የጊዜ ልዩነት እንደሚወጡ የሚያሳይ ሂስቶግራም (ዜሮው እኩል የተኮሱበት ነው)። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ከስንት በልጦ ነው በዛ የምትሉት?

ሁለት ኒውሮኖች ጨርሶ ባይተዋወቁም ስፓይካቸው ይገጣጠማል። ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ቢያጨበጭቡ አንዳንዱ ጭብጨባ መግጠሙ አይቀርም። ግጥምጥሞሽ መቁጠር ቀላል ነው። ከባዱ፣ በመካከላቸው ምንም ባይኖር ኖሮ ስንት ይጠበቅ ነበር የሚለውን ማስላት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያች አንዲት ቁጥር ፍለጋ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

• የእያንዳንዱ ኒውሮን የስፓይክ ሰዓቶች፣ ሁሉም በአንድ መለኪያ።
• ጥሬው የቮልቴጅ ቅጂ። «ስፓይኮቹ ተለይተው ተሰጥተውኛል፣ ጥሬው ምን ያደርግልኛል?» አትበሉ። ደረጃ 2 ላይ ትፈልጉታላችሁ።
• እያንዳንዱ ኒውሮን የተገኘበት ኤሌክትሮድ ቦታ።
• የሙከራው ምልክቶች፦ ማነቃቂያው የቀረበበት ሰዓት፣ የእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ፣ ካለም የእንስሳው እንቅስቃሴ።
• ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ነምፓይ ከሚባለው የቁጥር ላይብረሪ ጋር። ማትላብም ይሆናል። ኤሌፋንት የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ከዚህ በታች ያሉትን ብዙዎቹን ስሌቶች ተዘጋጅተው ይዟቸዋል፤ የመጀመሪያዋን ጊዜ ግን ራሳችሁ ብትጽፉት ይሻላል።
• አንድ ወረቀት። ዳታውን ከማየታችሁ በፊት የምትወስኗቸውን ቁጥሮች የምትጽፉበት።

ደረጃ 1፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

ብዙ መቅጃዎች በሴኮንድ 30,000 ናሙና ይወስዳሉ። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ሴኮንድ ሳይሆን የናሙና ቁጥር ሊሆን ይችላል። 30 ናሙና 1 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ይህን ያምታታ ሰው ሳምንት ሙሉ ለፍቶ ባዶውን ይቀራል።

የቀዳችሁት በሁለት መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። የሁለት መሣሪያ ሰዓት በሚሊዮን 20 ብቻ ቢለያይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 72 ሚሊ ሴኮንድ ይራራቃሉ። እኛ የምንፈልገው ደግሞ የ2 ሚሊ ሴኮንድ ነገር ነው! መነሻቸውን ብቻ ማጋጠም አይበቃም። በየጊዜው አንድ የጋራ ምልክት ወደ ሁለቱም ላኩና በምልክቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ በዚያ አስተካክሉ።

ደረጃ 2፦ ስፓይኩ የማን እንደሆነ አጣሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ካየኋቸው የሐሰት ሲንክሮኒዎች የሚበዙት የተወለዱትም እዚሁ ነው። ስታቲስቲክሱ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ የተሰጠውን ስፓይክ አምኖ ነው የሚቆጥረው። አራት ነገሮችን ፈትሹ።

አንዱ ኒውሮን ለሁለት ተከፍሎ እንደሆነ። ኪሎሶርትም ሆነ ሌላ የስፓይክ መለያ ሶፍትዌር አንዳንዴ አንዱን ኒውሮን ሁለት ስም ይሰጠዋል። አንድ ኒውሮን ስፓይክ ካወጣ በኋላ ለ1 ወይም 2 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሌላ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ የተከፈለው ጥንድ ክሮስ-ኮሬሎግራም ዜሮው ላይ ጉድጓድ፣ ግራና ቀኙ ላይ ጉብታ ያሳያል። ሁለቱን አዋህዳችሁ፣ የተዋሃደውን ከራሱ ጋር የሚያነጻጽር ኮሬሎግራም ሥሩ። ጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ ከቆየና የሞገዳቸው ቅርጽም ከተመሳሰለ አንድ ናቸው፤ አዋህዷቸው።

አንዱ ስፓይክ ሁለቴ ተቆጥሮ እንደሆነ። ጎረቤት ኤሌክትሮዶች ያንኑ ስፓይክ ያዩታል። ምልክቱ ዜሮ ላይ የቆመ በጣም ቀጭንና በጣም ረጅም ዘንግ ነው። በ1 ሚሊ ሴኮንድ ቢን (ጊዜው ለቆጠራ በሚከፈልበት እኩል ክፍል) ካያችሁት እውነተኛ ሲንክሮኒ ይመስላል። በ0.1 ሚሊ ሴኮንድ ቢን ድገሙት። ዘንጉ ከግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ጠቦ ከቀረ ጠርጥሩ።

ሁለት ስፓይኮች ተደራርበው ጠፍተው እንደሆነ። አንድ ኤሌክትሮድ ላይ ሁለት ኒውሮኖች እኩል ከተኮሱ ሞገዳቸው ይደባለቃል፤ ሶፍትዌሩ አንዱን ወይም ሁለቱንም ሊስት ይችላል። የሚጠፋው ታዲያ የምትፈልጉት ግጥምጥሞሽ ራሱ ነው። በአንድ ኤሌክትሮድ ለተገኙ ጥንዶች «ሲንክሮኒ የለም» የሚል ድምዳሜ አትስጡ። እኔ እነዚህን ጥንዶች ለይቼ ነው የማስቀምጣቸው።

ሁሉንም ቻናል (የኤሌክትሮድ መስመር) የነካ ጩኸት እንዳለ። ይህቺን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የማውቃት። አንዴ ከ40 ኒውሮኖች ጥንድ ሁሉ ሲንክሮኒ አሳየኝ፤ ደስ ብሎኝ አደርኩ። በማግስቱ ጥሬውን ቅጂ ስከፍት፣ አይጧ የውኃ ቱቦውን በላሰች ቁጥር ቻናሉ ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት ሹል ምልክት ይታያል። የምላሷ ንክኪ የፈጠረውን የኤሌክትሪክ ምልክት ነበር ስፓይክ ብዬ የቆጠርኩት። መፍትሔው፦ ስፓይክ ከመለየታችሁ በፊት የቻናሎቹን የጋራ ሚዲያን ከእያንዳንዱ ላይ ቀንሱ፤ አብዛኛው ቻናል በአንዴ የዘለለበትን ቅጽበት ደግሞ ከትንተናው አውጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉም ጥንድ ሲንክሮኒ ካሳየ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት መሣሪያውን ይሁን። አንጎሉን ቀጥሎ ትደርሱበታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን በሁለት ቁጥር ጻፉ

ወረቀቱን አሁን አውጡ።

የመጀመሪያው ቁጥር የግጥምጥሞሽ ስፋት ነው፦ ሁለት ስፓይክ ምን ያህል ቢቀራረቡ «ገጠሙ» ትላላችሁ? ለምሳሌ 2 ሚሊ ሴኮንድና ከዚያ በታች።

ሁለተኛው የጂተር መስኮት ነው፤ ጂተር ማለት ስፓይክን ሆን ብሎ በትንሹ ከቦታው ማንቀሳቀስ ነው፣ ደረጃ 6 ላይ እንሠራዋለን። ስፓይኮቹ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ቢሉ ለጥያቄያችሁ ለውጥ የለውም? ለምሳሌ 20 ሚሊ ሴኮንድ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ የምትፈትኑትን ነገር የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው። 20 ካላችሁ «ከ20 ሚሊ ሴኮንድ የረቀቀ መተባበር አለ ወይ?» እያላችሁ ነው። 200 ካላችሁ ግን በሴኮንድ 8 ጊዜ የሚወዛወዝ የአንጎል ሞገድ ብቻውን ፈተናውን ያሳልፋችኋል፤ የአንዱ ዑደት ርዝመት 125 ሚሊ ሴኮንድ ስለሆነ መስኮቱ ውስጥ ይገባል። 5 ካላችሁ ደግሞ መስኮቱ ከግጥምጥሞሹ ስፋት እምብዛም ስለማይበልጥ፣ እውነተኛ ሲንክሮኒ ቢኖርም ላይታያችሁ ይችላል።

ሁለቱንም ቁጥሮች ውጤት ከማየታችሁ በፊት ወስኑ። ስፋቱን እያፈራረቁ ጉብታው ያማረበትን መምረጥ ፈተናውን ራሱ ያበላሸዋል። ሦስት ስፋት መሞከር ከፈለጋችሁ ሦስቱንም አስቀድማችሁ ጻፉ፣ ሦስቱንም ሪፖርት አድርጉ።

ደረጃ 4፦ ክሮስ-ኮሬሎግራሙን ሥሩ

ከኒውሮን ሀ እያንዳንዱ ስፓይክ ተነሱ። በዙሪያው፣ ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በፊት እስከ 50 ሚሊ ሴኮንድ በኋላ፣ ኒውሮን ለ መቼ መቼ ስፓይክ እንዳወጣ መዝግቡ። የጊዜ ልዩነቶቹን በ1 ሚሊ ሴኮንድ ቢን ከፋፍላችሁ ቁጠሩ። ክሮስ-ኮሬሎግራም ማለት ይኸው ሂስቶግራም ነው።

ቅርጹ ብዙ ይናገራል። ዜሮ ላይ ሚዛኑን የጠበቀ ጉብታ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ግብዓት እንደሚቀበሉ ይጠቁማል። ከዜሮ ትንሽ ፈቀቅ ያለ፣ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ በአንድ ወገን ብቻ የወጣ ቀጭን ጉብታ፣ አንዱ ሌላውን በሲናፕስ ቀጥታ እየቀሰቀሰ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። በአሥሮች ሚሊ ሴኮንድ የተንጣለለ ጉብታ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የሁለቱ ፍጥነት አብሮ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። እስካሁን ያላችሁ ጥቆማ ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ ቀላሉን ግምት አስሉ፣ ግን አትመኑት

ሁለቱ ኒውሮኖች ካልተያያዙና ፍጥነታቸው ካልተለዋወጠ፣ የሚጠበቀው ግጥምጥሞሽ እንዲህ ይገኛል፦

የሀ ስፓይክ ብዛት × የለ ስፓይክ ብዛት × የስፋቱ ሙሉ ርዝመት ÷ የቀረጻው ርዝመት

ምሳሌ እንውሰድ። ቀረጻው 600 ሴኮንድ ነው። ሀ በሴኮንድ 5፣ በድምሩ 3,000 ስፓይክ አለው። ለ በሴኮንድ 8፣ በድምሩ 4,800። ግራና ቀኝ 2 ሚሊ ሴኮንድ ስንወስድ ሙሉው ርዝመት 4 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ስለዚህ 3,000 × 4,800 × 0.004 ÷ 600 = 96። በፖይሰን ሥርጭት (በዘፈቀደ የሚወድቁ ነገሮች ቆጠራ የሚከተለው ሥርጭት) ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ፣ ማለትም በአጋጣሚ የሚጠበቀው መዋዠቅ፣ የ96 ስኩዌር ሩት ነው፤ 9.8 ያህል።

ስትቆጥሩ 160 አገኛችሁ እንበል። ከሚጠበቀው በ64 ይበልጣል። ስድስት ተኩል ስታንዳርድ ዲቪዬሽን! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሻምፓኝ ይከፍታል።

ቆይ ግን። እንስሳው ግማሹን ጊዜ ነቅቶ፣ ግማሹን አንቀላፍቶ ቢሆንስ? ሲነቃ ሀ በሴኮንድ 9፣ ለ በሴኮንድ 14.4 ያወጣሉ። ሲያንቀላፋ ሀ 1፣ ለ 1.6። አማካዩ ያው 5 እና 8 ነው። ሁለቱ በየሁኔታው ውስጥ ፍጹም ሳይተዋወቁ ቢተኩሱ የሚጠበቀው ስንት ነው? 300 × (9 × 14.4 + 1 × 1.6) × 0.004፤ ወደ 157 ይመጣል። ያገኛችሁት 160 ነው። ያ ሁሉ ሲንክሮኒ እንቅልፍ ነበር።

ለዚህ ነው ቀላሉን ቀመር ለመነሻ እንጂ ለፍርድ የማልጠቀምበት። የሕያው እንስሳ ኒውሮን ፍጥነት አንድ ቦታ ረግቶ አይቆይም።

ደረጃ 6፦ ጂተር አድርጉ

ዋናው መሣሪያ ይህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዘገምተኛውን ነገር ሁሉ እንዳለ ትታችሁ ረቂቁን የጊዜ አቀማመጥ ብቻ ታፈርሳላችሁ። ከዚያ ግጥምጥሞሹ ቀነሰ አልቀነሰ ታያላችሁ።

1. ቀረጻውን ከመጀመሪያው አንስቶ በ20 ሚሊ ሴኮንድ መስኮቶች ክፈሉት። ድንበሮቹ ስፓይኩን አይተው የሚቀመጡ መሆን የለባቸውም፤ ከዜሮ ጀምሮ በእኩል ርቀት።
2. ለን አትንኩት። የሀን እያንዳንዱን ስፓይክ በነበረበት መስኮት ውስጥ፣ በዘፈቀደ አዲስ ቦታ ላይ አስቀምጡት። ከመስኮቱ አይውጣ።
3. ግጥምጥሞሹን ቁጠሩና መዝግቡ።
4. ይህንኑ 1,000 ጊዜ ድገሙ።

በየድግግሞሹ የሚወጣውን ዳታ ምትክ እንበለው። በእያንዳንዱ ምትክ በየመስኮቱ ያለው የስፓይክ ብዛት ከዋናው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ እንቅልፉ፣ ንቃቱ፣ ሩጫው፣ ከ20 ሚሊ ሴኮንድ የዘገየው ሁሉ በምትኮቹም ውስጥ አለ። በላይኛው ምሳሌ የምትኮቹ አማካይ 157 አካባቢ ይመጣል። ፍርዱን የምትሰጡት ከዚህ አማካይ ጋር አወዳድራችሁ ነው። የ96ቱ ሥራ እዚህ ላይ አበቃ።

ማስጠንቀቂያ አንድ። ብዙ ኮድ ስፓይኩን በመስኮት ውስጥ በማስቀመጥ ፈንታ ከነበረበት ቦታ ግራና ቀኝ በዘፈቀደ ይገፋዋል። አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሲገፋ የፍጥነቱ ከፍታና ዝቅታ ይደበዝዛል። ምትኮቹ ሁሉ ከዋናው የደበዘዙ ስለሚሆኑ ዋናው ሁሌ የተለየ መስሎ ይታያል። በመስኮት ሲሆን ግን፣ ረቂቅ መተባበር ከሌለ ዋናው ዳታ ከምትኮቹ እንደ አንዱ ነው። የፒ-ቫልዩው (መተባበር ባይኖር ይህን ያህል ግጥምጥሞሽ በአጋጣሚ የመገኘቱ ዕድል) ትክክለኛነት የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ ሁለት። ጂተር ሁለት ስፓይክን በግማሽ ሚሊ ሴኮንድ ርቀት ሊያስቀምጥ ይችላል፤ እውነተኛ ኒውሮን ይህን አያደርግም። ኒውሮናችሁ ዝግ ያለ ከሆነ ችግሩ ትንሽ ነው። በተከታታይ የሚያንዶቆዱቅ ከሆነ ግን እንዲህ ያለውን አቀማመጥ ጣሉና ሌላ ዕጣ አውጡ፤ ወይም ተቀራራቢ ስፓይኮችን እንደ አንድ ጥቅል አብራችሁ አንቀሳቅሱ።

ማስጠንቀቂያ ሦስት። ማነቃቂያችሁ ድንገተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ የብርሃን ብልጭታ ወይም ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ፍጥነቱ ራሱ ከ20 ሚሊ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ሊያሻቅብ ይችላል። ያኔ ሁለቱ ኒውሮኖች እርስ በርስ ሳይገናኙ፣ እያንዳንዳቸው ለብልጭታው ብቻ ስለመለሱ ፈተናው «ሲንክሮኒ አለ» ይላል። ከማነቃቂያው ቀጥሎ ያለውን አጭር ጊዜ ለይታችሁ ተንትኑ። ለዚያ ክፍል የዙር ማዘዋወርን ተጠቀሙ፦ የሀን 1ኛ ዙር ከለ 2ኛ ዙር፣ የሀን 2ኛ ከለ 3ኛ እያጋጠማችሁ ቁጠሩ። ማነቃቂያው ያመጣው ግጥምጥሞሽ በዚህም ውስጥ ይታያል፤ የሁለቱ የራሳቸው ብቻ ይጠፋል። የዚህ ዘዴ ድካም ደግሞ ከዙር ወደ ዙር የሚለዋወጠውን ንቃት አለማየቱ ነው። ስለዚህ ብቻውን አትመኑት።

አንድ አቋራጭ ላካፍላችሁ። 1,000 ጊዜ መድገም ኮምፒውተራችሁን ካደከመው አንዳንዴ መድገም አያስፈልግም። ግጥምጥሞሽን «አጠገቡ የለ ስፓይክ ያለው የሀ ስፓይክ» ብላችሁ ከቆጠራችሁ፣ እያንዳንዱ የሀ ስፓይክ የመግጠም ዕድል ይታወቃል፦ ከመስኮቱ ውስጥ ስንት እጁ ለለ ስፓይክ ቅርብ ነው? 20 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ 4ቱ ቅርብ ከሆነ ዕድሉ 0.2 ነው። የዕድሎቹ ድምር የሚጠበቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱን ዕድል ከ1 ላይ ከተቀነሰው ጋር አባዝታችሁ ብትደምሩ ደግሞ ቫሪያንሱ (የስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ስኩዌር) ይወጣል። ሙሉ ሥርጭቱም በኮንቮሉሽን ይገኛል። በሺህ ለሚቆጠሩ ጥንዶች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የሚሠራው ግን ስፓይኮቹ ለየብቻ ዕጣ ሲወጣላቸው ነው፤ የማስጠንቀቂያ ሁለትን ማስተካከያ ካስገባችሁ አይሠራም።

ደረጃ 7፦ ፒ-ቫልዩውን አውጡ

ከዋናው ጋር እኩል የሆኑትን ወይም የሚበልጡትን ምትኮች ቁጠሩ። 1 ደምሩ። ለ1,001 አካፍሉ። በምሳሌያችን 430 ምትኮች 160ና ከዚያ በላይ ቢያመጡ፣ 431 ÷ 1,001 = 0.43። ምንም የለም ማለት ነው።

1 የሚደመረው ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል። መተባበር ከሌለ ዋናው ዳታ ራሱ ከቡድኑ አንዱ ስለሆነ ነው። ካልደመራችሁ ዜሮ የሆነ ፒ-ቫልዩ ታገኛላችሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ የለም።

አሁን ብዛቱ ይመጣል። 100 ኒውሮን 4,950 ጥንድ ይሰጣል። ምንም ሲንክሮኒ ባይኖር እንኳ በ0.05 መስፈርት 248 ያህሉ «አሉ» ይላሉ። ስለዚህ ፒ-ቫልዩዎቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ። በየተራ ቁጥራቸው 0.05 × ተራ ቁጥር ÷ 4,950 አስሉ። ፒ-ቫልዩው ከዚህ ያልበለጠበትን የመጨረሻውን ተራ ፈልጉ፤ እስከዚያ ያሉትን ሁሉ ተቀበሉ። ይህ የቤንጃሚኒና ሆክበርግ ዘዴ ነው።

ወጥመዷ እዚህ ናት፦ በ1,000 ምትክ የምታገኙት ትንሹ ፒ-ቫልዩ 0.001 ገደማ ነው። በ4,950 ጥንድ መካከል ይህ የሚያልፈው ቢያንስ 99 ጥንዶች እዚያ ወለል ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው። እውነተኛ ጥንዶቻችሁ 20 ከሆኑ አንዱም አይወጣላችሁም። «ሲንክሮኒ የለም» ከማለታችሁ በፊት ምትኩን አብዙ፣ ወይም በአቋራጩ ሂዱ።

ኮሬሎግራሙ ላይ የመተማመኛ መስመር የምትሠሩ ከሆነም ያው ችግር አለ። በ1 ሚሊ ሴኮንድ ቢን ከ50 በፊት እስከ 50 በኋላ ድረስ 101 ቢን ይሆናል። በ0.05 መስፈርት አምስት ያህሉ እንዲሁ ከመስመሩ ይወጣሉ። ከእያንዳንዱ ምትክ ከፍተኛውን ቢን ብቻ ውሰዱና መስመሩን ከከፍተኛዎቹ 95ኛ ፐርሰንታይል ላይ አስምሩ።

ደረጃ 8፦ መጠኑን ለኩ

ትንሽ ፒ-ቫልዩ ትልቅ ሲንክሮኒ ማለት አይደለም። ረጅም ቀረጻ ኢምንቱንም ያወጣዋል። ከዋናው ላይ የምትኮቹን አማካይ ቀንሱና ስፓይኩ አነስተኛ ለሆነው ኒውሮን ብዛት አካፍሉ። «ከ100 ስፓይኮቹ 3ቱ ከሚጠበቀው በላይ ገጥመዋል» የሚል ቁጥር ማንም ይረዳዋል።

የቢን ቆጠራ ኮሪሌሽንን ለዚህ አትጠቀሙ። ኒውሮኖቹ ብዙ ስፓይክ ባወጡ ቁጥር ቁጥሩ አብሮ ይለዋወጣል። በስፓይክ ዙሪያ ያለውን ጊዜ «ንጣፍ» አድርጎ የሚቆጥረው የስፓይክ ታይም ታይሊንግ ኮፊሸንት ከዚህ የተሻለ ነው፤ ግን እሱም ዘገምተኛውን የጋራ ለውጥ አይቀንስላችሁም።

ሌላ ስሌት፦ ዳታችሁ ምን ያህል ማየት ይችላል? የሚጠበቀው 96 ከሆነ፣ ሦስት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 29 ነው። 30 በመቶ ያህል ጭማሪ ካልሆነ አይታያችሁም። የ10 በመቶ ጭማሪ ለማየት የሚጠበቀው 900 መድረስ አለበት። በምሳሌያችን ፍጥነት ይህ 94 ደቂቃ ያህል ቀረጻ ነው። 10 ደቂቃ ቀርጾ «የለም» ማለት አያዋጣም።

ደረጃ 9፦ ኮዳችሁን በሐሰተኛ ዳታ ፈትኑ

በዝርዝሩ መጨረሻ ቢሆንም፣ በሥራ ጊዜ እውነተኛውን ዳታ ከመንካታችሁ በፊት አድርጉት።

የነቃና ያንቀላፋ ግማሽ ያለው፣ ነገር ግን ሁለቱ ያልተያያዙ የፖይሰን ዳታ በኮምፒውተር ሥሩ። 1,000 ጊዜ ደግማችሁ ፈትኑት። ከ0.05 በታች የወጡት 50 አካባቢ መሆን አለባቸው፤ ትንሽ ቢያንሱ አያስጨንቅም። 200 ከሆኑ ኮዱ ስህተት አለበት። ቀጥሎ ከሀ 100 ስፓይኮችን ቀድታችሁ በ1 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ለ ውስጥ ክተቱ። አሁን ካልያዘው ያው ስህተት አለ። ይህ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስንት ወር እንደሚያድን አልነግራችሁም።

ከሁለት በላይ ኒውሮን ሲሆን

ወደ ሦስትና አራት ዘለላ ከመሄዳችሁ በፊት አስቡበት። ከ100 ኒውሮን 161,700 ሦስትዮሽ ይወጣል። መጀመሪያ ቀላሉን ሞክሩ፦ በየ2 ሚሊ ሴኮንዱ ስንት ኒውሮን እንደተኮሰ ቁጠሩ፤ ኒውሮኖቹን ሁሉ ለየብቻ ጂተር አድርጋችሁ ያንኑ ቁጠሩ። 6፣ 7፣ 8 ኒውሮን በአንዴ የተኮሱበት ቅጽበት በዋናው ከምትኩ ከበዛ የቡድን ሲንክሮኒ አለ። የትኞቹ ኒውሮኖች እንደሆኑ መለየት ቀጣዩ ሥራ ነው፤ ስፔድ የሚባለው ዘዴ ለዚህ የተሠራ ሲሆን ኤሌፋንት ውስጥ ታገኙታላችሁ።

የተለመዱ ስህተቶች

• ጉብታውን አይቶ ስፋቱን መምረጥ። ደረጃ 3 ላይ ተናግሬያለሁ፣ ግን ሰው አይሰማም።
• ሁለት ቀረጻዎችን መቀጠል። የመጀመሪያው ቀረጻ መጨረሻና የሁለተኛው መጀመሪያ ጎረቤት ይሆኑና የሌለ ግጥምጥሞሽ ይቆጠራል። ለየብቻ ቆጥራችሁ ደምሩ።
• የቢን ድንበር። ሁለት ስፓይክ በ0.2 ሚሊ ሴኮንድ ተቀራርበው በሁለት ቢን ሊወድቁ ይችላሉ። ቢን ከመቁጠር የጊዜ ልዩነታቸውን ቀጥታ ለኩ።
• በጂተር ያለፈን ጥንድ «በሲናፕስ የተገናኙ» ብሎ መጥራት። ፈተናው የሚለው ከመስኮቱ የረቀቀ የጊዜ መተባበር መኖሩን ብቻ ነው። ሦስተኛ ኒውሮን ሁለቱንም እየቀሰቀሰ ሊሆን ይችላል።
• ምትክ ሲሠሩ የዘፈቀደ ቁጥሩን መነሻ አለመመዝገብ። ነገ ስትደግሙት 0.049 የነበረው 0.052 ይሆንና ጸጉራችሁን ትነጫላችሁ። መነሻውን ከስፋቱ፣ ከመስኮቱና ከምትክ ብዛቱ ጋር እዚያችው ወረቀት ላይ ጻፉት።